ተመልካች ሁለት

«መቶ አርባ ሰው ፊትሽ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ እንኳ አልተጠየቀም! ለግድግዳ ነው እንዴ ስታስተምሪ ያረፈድሽው?»

ድምፁ የወጣው ከኮምፒውተሩ ነው። እናት ሻዩን በትሪ ይዛ የሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ነበርና እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ልጇን እንዲህ አድርጎ የተናገራት ሰው እስከ ዛሬ አልገጠማትም፤ አባቷ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተቆጣ ቁጥር ድምፁ ይቀንስ ነበር እንጂ አይጨምርም። በሩን ከፍታ «ጌታው፣ የሰው ልጅ እንዲህ አይባልም» ልትለው አማራት። ግን በየትኛው አፏ? የዚያን ጠዋት ጥፋት ማን እንዳጠፋው ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ማንኪያው እንዳይንኳኳ በአውራ ጣቷ ተጭና፣ እንደ ሌባ በእግሯ ጣቶች ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የቤት ስሟ ችኩሌ ነው። ዘጠኝ ወር አልጠብቅም ብላ በሰባተኛው ስለመጣች አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ እሷም ስሟን አላሳፈረችውም፤ መራመዱን ዘላ ሩጫ ጀመረች፣ ጥርስ ሳታበቅል አጥንት ጠየቀች። የምትሠራው ፕላትፎርም የሚሉትን ነገር በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። «እማ፣ እኛ መሠረቱን እንጥላለን፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች ቤታቸውን ይሠሩበታል» ብላ ነው ለእናቷ ያስረዳቻት። አሁን መሠረቱ ተቀይሯል። አዲሱ እትም ወጥቷል፤ የድሮው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ድሮው ላይ የገነባ ሁሉ ሥራውን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መግባት አለበት። እንዴት እንደሚገባ የምታሳያቸው ችኩሌ ናት፤ በኢንተርኔት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ከዚሁ ከሳሎናቸው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለአንዱ ቡድን፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ለሌላው። አሠልጣኝነቱ የተሰጣት ለሙከራ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የደንበኞች ስልክ ስትመልስ፣ ማዳመጫው ጆሮዋን እስኪያቆስለው ድረስ የማታውቀው ሰው ሁሉ ሲቆጣባት ኖራለች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ክፍልና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ኩሽና። ለዚህ ቀን ሲባል ያልተደረገ ነገር የለም። እናት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳለች። ፍሪጁ ስለሚያቃስት ከሶኬቱ ተነቅሏል። የላይኛው ጎረቤት ወንበር እንዳይጎትት ችኩሌ ራሷ ወጥታ ለምናዋለች። የእናት ሁለት ክረምት ጫማ ዋጋ የወጣበት ክብ መብራት እንደ ጎረምሳ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል፤ ከበስተጀርባ የሚታየው ግድግዳ ላይ ያለው እርጥበት በአዲስ አንሶላ ተሸፍኗል። ችኩሌ ስርጭቱ ለተመልካች እንዴት እንደሚታይ ማወቅ ስለፈለገች ስልኳን «ተመልካች አንድ»፣ አሮጌዋን ታብሌት ደግሞ «ተመልካች ሁለት» ብላ አስገባች። ታብሌቷን ለእናቷ ሰጥታ መኝታ ክፍል አስቀመጠቻት። «እማ፣ ሥራሽ አንድ ነው። ምስሉ ደርቆ ከቆመ ግድግዳውን አንኳኪ። በቃ።»

እናት ሥራውን የተቀበለችው እንደ ባንክ ጠባቂ ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትጨፍን አየች። ምስሉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ ችኩሌ «እስካሁን ጥያቄ ያለው?» አለችና ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዝም። ፈገግታው እንደ ፎቶ ነው፤ ቅንድቧ አይነቃነቅም፣ ትከሻዋ አይነቃነቅም። እናት መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልጇን ሠላሳ አንድ ዓመት ስታውቃት ሦስት ድረስ ዝም ብላ ታይታ አታውቅም። ሰባት ላይ ሲደርስ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብላ ግድግዳውን ደበደበችው፤ አንዴ ተብላ ሦስቴ። ችኩሌ ከወንበሯ ብድግ! ስርጭቱ የሞተ መስሏት ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ መቶ አርባ ሰው አራት ደቂቃ ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ አፈጠጠ። ያንን አራት ደቂቃ ለማካካስ የቀረውን ስልጠና በሩጫ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ አንዴም ቆም ብላ አልጠየቀች፤ መቆሙን እንደ እሳት ፈራችው።

አሁን የአለቃዋ ድምፅ ጠፋና ችኩሌ ታብሌቷን በብብቷ ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። አልተቀመጠችም። መስኮቱን ተደግፋ የታችኛውን መንገድ አየች፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው መኪናውን ለማቆም ይታገላል።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ላሙቅልሽ?»

«ተይው እማ።»

«ሰውዬው ምን አለ?»

«ምንም። ሠልጣኞቹ አስተያየት ሞልተዋል፣ እሱን ነው ያነበበልኝ። ከአምስት ሁለት ነጥብ ስድስት።»

እናት አሰበችበት። እሷ በምትማርበት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከአሥር አምስት ያመጣ ያልፋል። «ከግማሽ በላይ ነው እኮ! አልፈሻል ማለት ነው።»

ችኩሌ ሳትፈልግ ሳቀች። «እንደሱ አይደለም። የከሰዓቱ ከአራት በታች ከመጣ ስልጠናው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ወደ ስልኬ እመለሳለሁ። አለቀ።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ችኩሌ፣ ግን ትንሽ ፈጥና ነው ያለችው። ሁለቱም ፍጥነቱን ሰሙት። እናት የሌለ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ጠረገች፤ ልጅቷ ደግሞ የመኪናውን ሰውዬ ማየት ቀጠለች። እንዲህ ነው በዚህ ቤት፤ ጥል የለም፣ ግን የተዋጠ ነገር ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ቆይታ ችኩሌ ለራሷ የምታወራ ይመስል «ገባችሁ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ እኮ!» አለች። «ዝም አሉ። ዝም ካሉ ገብቷቸዋል ብዬ ሄድኩ። አሁን ቅጹ ላይ እሳት ሆነው መጡ! ፊት ለፊት በግ፣ ከኋላ ነብር!»

«እኔም በግ ነኝ» አለች እናት በቀስታ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ችኩሌ የማይክሮፎኑ ባትሪ ከምሳ በፊት ካልተቀየረ ብላ ጫማዋን በግማሽ እግሯ አጥልቃ ወደታች ሱቅ ወረደች። ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ረስታዋለች፤ አስተያየቶቹ እንደተከፈቱ ናቸው። እናት መጀመሪያ ዞር አለች፤ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው። ከዚያ ደግሞ፣ የገዛ ልጇን የተናገረ ሰው ምን እንዳለ ማወቅ ነውር ነው? መነጽሯን አደረገች። ትምህርት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጉልበት አገጭ በሚነካበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትማራለች። ችኩሌ ትምህርቱን ታውቃለች፤ ማታ ማታ «ዛሬስ ገባሽ?» ትላታለች፣ እናት «አዎ» ትላለች፣ ችኩሌ ወደ ኮምፒውተሯ ትመለሳለች። የእናት ንባብ የሱቅ ሰሌዳ ካለፈ ወራት እንዳለፉት ልጅቷ አታውቅም።

ትምህርት ቤት እንደለመደችው ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች፤ መስመሩ ሽቅብ ሸሸ። መልሳ አወረደችው፤ እንደገና ሸሸ። የታብሌት ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ነው፣ ሲነኩት ይበተናል። በመጨረሻ የእንጨት ማንኪያ አነሳችና በእጀታው ጠቆመች፤ እንጨት ሲነካው ስክሪኑ አይሰማውም፣ ጽሑፉም አርፎ ተቀመጠ። «ፈ-ጠ-ነ-ብ-ኝ» ብላ አነበበች፤ «ፈጠነብኝ።» ቀጥሎ፣ «ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ዓይኔ ሊጠፋ ነው።» ቀጥሎ፣ «ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጠፋሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፊልም ነው ያየሁት።» ቀጥሎ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን የምታስተምረው ራሷን ነው።» አንዱ ደግሞ፣ «እባካችሁ የሚያንኳኳውን ሰው አስገቡት፣ ውጭ ብርድ ነው» ብሏል። እዚህ ላይ እናት በእፍረትና በሳቅ መካከል አፏን በእጇ ያዘች።

ግን ከሁሉ የገረማት ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች የተማሩ፣ ኮምፒውተር የሚያናግሩ፣ የትምህርት ማስረጃቸው ግድግዳ የሚሸፍን ናቸው። የሚሉት ግን እሷና የክፍል ጓደኞቿ ትምህርት ሲያልቅ ደረጃ ላይ የሚሉትን ነው። ፊደሉ አነሰ። ፈጠነብን። እዚያ ጋ ጠፋሁ። መምህሩ፣ ገና ጺሙ ያላደገ ደግ ልጅ፣ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ሲል ዘበኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ እሷም ጭምር ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሾፌሩ «አንቺ ገባሽ?» ይላታል፤ «ኧረ እኔ እቴ!» ትለዋለች። ይኸው መቀነስ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሆነ። ትንሹ ቁጥር አልበቃ ሲለው ከጎረቤቱ አንድ ይበደራል ተባለ። እሺ፣ ይበደር፤ ግን መቼ ነው የሚመልሰው? ይህንን ለመጠየቅ እጇ ስንት ጊዜ ከጉልበቷ ተነስቶ ስንት ጊዜ ተመለሰ! አልገባኝም ማለት ሰው ፊት ልብስ እንደ ማውለቅ ነው።

ችኩሌ ስትመለስ እናት ሩዙን አቅርባ፣ ታብሌቷን በነበረችበት አስቀምጣ፣ ነገሩን ከየት እንደምትጀምረው ስታጣ ቆየች። «ችኩሌ፣ ሰው ገባህ ወይ ሲባል አልገባኝም አይልም።»

«እማ፣ እነዚህ ትልልቅ ፕሮግራመሮች ናቸው። ካልገባቸው ይጠይቃሉ፤ እንጀራቸው እኮ ነው።»

«እሱን አልኩሽ። እንጀራው የሆነ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ያፍራል። ረጋ ብትይ ምናለ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረቱን ለማታ አቆይልኝ» አለች ችኩሌ ሩዟን ቆማ እየጎረሰች። «ፊደሉን አተልቀዋለሁ፣ እሱ እውነታቸውን ነው። አንቺ ደግሞ የፈለገ ቢሆን አታንኳኪ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንዳታንኳኪ።»

«ከተቃጠለስ?»

«በደረጃ ውረጂ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ስልጠናውን ጨርሼ እከተልሻለሁ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን እናት የአልጋው ጠርዝ ላይ ቦታዋን ያዘች። በዚህኛው ሥራ አልተሰጣትም፤ «ዝም ብለሽ እይ» ነው የተባለችው። ፊደሉ በእርግጥ አድጓል፤ ከአልጋው ላይ ሆና እንኳ ይታያል። ችኩሌ ግን ከጠዋቱ ብሳለች። ፈርታለች። የሚፈራ ሰው ወይ ይቆማል ወይ ይሮጣል፤ ይቺ ደግሞ መቆም አታውቅም። አንደኛው እርምጃ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል። ክንዷ አጠገብ የተቀመጠው የውሃ ብርጭቆ እንደተሞላ ነው። እናት ከሚባለው ነገር አንዱም አይገባትም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። በስክሪኑ ጥግ ላይ የተመልካቾቹ ብዛት ተጽፏል። ስልጠናው ሲጀመር መቶ ሃምሳ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛው እርምጃ ሲጀመር መቶ አርባ ዘጠኝ ሆኑ። ከዚያ መቶ አርባ አራት። እናት ይህንን መቀነስ ያለ አስተማሪ አወቀችው። ክፍል ውስጥም መጀመሪያ የጠፋበት ሰው ነው «ሽንት ቤት» ብሎ ወጥቶ የሚቀረው።

ከስክሪኑ ግርጌ «መልእክትዎን እዚህ ይጻፉ» የሚል ጠባብ ሳጥን አለ። እናት እሱን ካነበበችው ቆይታለች፤ ያላየች መስላ ነው የቆየችው። ጠዋት ሦስቴ በማንኳኳቷ አራት ደቂቃ ጠፍቶ ከዚህ ግባ የማይባል ውጤት መጥቷል፤ አሁን ደግሞ መቶ አርባ አራት ሰው የሚያየው ነገር ብትጽፍ ምን ይመጣ ይሆን? ከመምህሩ በቀር ለማንም ጽፋ አታውቅም። መቶ አርባ አንድ። «በቃ!» አለችና ሳጥኑን ነካችው፤ ፊደሎቹ ከታች ተሰልፈው ወጡ። «አ» የቃሉ መነሻ ነው፤ አገኘችው። «ል»ን ለማግኘት «ለ»ን ተጭና መጠበቅ አለባት፤ ጠበቀች። «ገ» ቀላል ነበር። «ባ» ስትል «ቡ» መጣባት፣ አጠፋችው፣ ከእሱ ጋር «ገ»ም ጠፋ፣ ሁለቱን እንደገና ጻፈች። በዚህ መካከል ችኩሌ ሦስተኛውን እርምጃ ጨርሳ መጠቅለያው ላይ ደርሳለች። «ኝ» የት ነው የምትኖረው? የ«ነ» ጎረቤት ትሆናለች ብላ ፈለገቻት፤ ነበረች። «ግልጽ ነው አይደል?» አለች ችኩሌ፤ «በጣም ጥሩ፣ እንግዲህ ወደ አራተኛው . . .» እናት «ም»ን ረገጠችና የመላኪያዋን ቀስት ተጫነች።

*ተመልካች ሁለት፦ አልገባኝም*

ቃሉ ሽቅብ ወጥቶ መቶ አርባ ሰው ፊት ቆመ። ችኩሌ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ፤ አፏ «አራተኛው» ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ቅንድቦቿ መካከል ያቺ መስመር ወጣች፤ እናት ያቺን መስመር ከጡት ማስጣል ጀምሮ ታውቃታለች። ከዚያ ልጅቷ ራሷን ሳታንቀሳቅስ ዓይኗን ብቻ ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ከግድግዳው ወዲህ ያለችው እናት ትራሱን አቅፋ ያዘች። ምስሉ ደርቆ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ሆነ። ስምንት ሆነ። አላንኳኳችም። ዘጠኝ ላይ ሌላ ቃል ከታች ብቅ አለ፤ «እኔም።» ከእሱ ሥር፣ «እኔም፣ ከሦስተኛው ጀምሮ።» ከእሱ ሥር፣ «ኡፍ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።» «መለያው የሚለጠፈው የት ነው?» «ለምንድን ነው አራት ላይ ሁሉ ነገር የሚሰበርብኝ?» ከዚያ በኋላ እንደ ሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ነው፤ የእናት የእንጨት ማንኪያ አንዱን ሳያነብ አሥሩ ያልፋል።

ችኩሌ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «እሺ» አለች። «ተመልካች ሁለት፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ዓይነት አድርጌ ልሞክረው።» ትንሽ አሰበች፤ ስታስብ መታየቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ቤት ለቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔና እናቴ ወደዚህ ቤት ስንገባ እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር።»

መኝታ ክፍል ውስጥ እናት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ስለዚህ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሥዕል ሣለች። ማንኪያ ያለበት ላይ ማንኪያ፣ አንሶላ ያለበት ላይ አልጋ፣ የሚሰበር ያለበት ላይ የሚያለቅስ ፊት። እኔ የተማርኩት ደግሞ ቸኩዬ ሦስት ካርቶኔን ምንም ሳልልበት ጫንኩ። የእሷ ሃያ ሁለት ካርቶን ማታውን ተፈታ። የእኔ ሦስቱ ይኸው ዓመት ከመንፈቃቸው ነው፣ አልጋ ሥር ናቸው፤ ምን እንዳለባቸው አላውቅም፣ ለመክፈትም እፈራለሁ። ሦስተኛው እርምጃ ማለት ይሄ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ሥዕሉን ሣሉ። መለያ ያልለጠፋችሁበት ፋይል አዲሱ ቤት ሲደርስ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው አራት ላይ የሚሰበርባችሁ። አሁን አንዱን ፋይል አብረን እንለጥፍ፤ የማልፈው የጨረሰ ሰው ሲጽፍልኝ ነው።»

እናት አጎንብሳ አልጋው ሥር አየች። ሦስቱ ካርቶኖች አቧራቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እናትም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇ ሥራ ገባት። ቀና ስትል ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር መቶ አርባ ስድስት ሆኗል፤ የወጡት ሰዎች ማን ጠርቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ እየተመለሱ ነው። አንዱ «ጨረስኩ!» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው «የሚያለቅሰው ፊት የት ይገኛል?» ብሎ ቀለደ፤ ችኩሌ ሳቀች። ስልጠናው ከተመደበለት ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ማንም አልሄደም።

ሲያበቃ ችኩሌ መኝታ ክፍል ገባችና እናቷ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ።

«ተመልካች ሁለት» አለች ልጅቷ።

«አቤት።»

«መቼ ነው መጻፍ የጀመርሽው?»

«ወራት አለፉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«እማ! በየማታው ገባሽ ወይ እልሻለሁ!»

«ትይኛለሽ። አዎ እልሻለሁ። ትሄጃለሽ።»

ችኩሌ ትከሻዋን በእናቷ ትከሻ ገጨት አደረገችና ዝም አለች፤ ይኼኛው ዝምታ ጉሮሮ ላይ የሚወርድ ነገር አልነበረውም። ብዙም አልቆየ፤ ሳሎን ኮምፒውተሩ ጮኸ፣ አለቃዋ ነው። እናት በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ በዚህኛው ትሪ እንኳ ለሰበብ አልያዘችም። የሰውዬው ድምፅ የጠዋቱ ሰውዬ አጎት እስኪመስል ድረስ ለስልሷል። «አራት ነጥብ ሁለት ላይ ነን፤ ገና የሚሞሉ አሉ፣ ግን ከዚህ ብዙም አይወርድም። ሥራው ያንቺ ነው። ስሚ፣ ያ ተመልካች ሁለት የሚባለው ሰውዬ ማነው? ደፋር ነው። የሚቀጥለው ስልጠና ላይም ይኑር።»

«እጠይቀዋለሁ» አለች ችኩሌ። «ግን ሥራ ይበዛበታል። ማታ ማታ ይማራል።»

እናት አሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን ድረስ ኩሽና ውስጥ ከታብሌቷና ከእንጨት ማንኪያዋ ጋር ተዘግታ ቆየች። ችኩሌ ሁለቴ አንኳኳች፤ ሁለቴም «ቆይ፣ ቸኩዬ ይበላሽብኛል» ተባለች። ከዚያ እናት ወጣች፤ ሻርፗን አደረገች፣ የመቀነሱ ገጽ ጥጉ የታጠፈበትን ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዛሬ መምህሩን ብድሩን ሳላስመልሰው አልወጣም ብላ ለራሷ አጉተመተመችና ደረጃውን ጀመረች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከላይ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«እማ! አራት? የገዛ ልጅሽን ከአምስት አራት?»

«ቅጹ በእውነት ሙሉ ይላላ!» አለች እናት የደረጃውን ብረት ይዛ ወደ ላይ እያየች። «የቀረውንም አንብቢው!»

ከላይ ችኩሌ እያነበበች ነው፤ እናት አርባ ደቂቃ የፈጀችበትን ሁለት መስመር። *ጥሩ ነው። ግን አሁንም ትቸኩያለሽ፣ ውሃውንም አልጠጣሽም።* ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት ምን መጣ ብሎ በሩን በጠባቡ ከፈተ፤ እናት በራሷ ሰላም አለችው።

«ገባሽ?» ብላ ጮኸች ወደ ላይ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የልጇ ሳቅ በደረጃው ቁልቁል ወረደ።

«አልገባኝም! ስትመለሺ ታስረጂኛለሽ!»